ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ባሕር፦ ለትንንሽ ልጆቻችን የወቅት ሥዕል መጽሐፍ ስንመርጥ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ለአራት ዓመቷ ልጄ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ገዛሁ። ሽፋኑ ያምራል። ፊደሉ ትልልቅ ነው። ርዕሱ ላይ ክረምት የሚል ቃል አለ፣ ጊዜውም ክረምት ነው፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል ብዬ ውስጡን በደንብ ሳላየው ከፈልኩ። ቤት ገብተን ስንገልጠው፣ ሥዕሉ ላይ ያለው ልጅ ካፖርትና ጓንት አድርጎ፣ የሱፍ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ፣ ነጭ በነጭ በሆነ ሜዳ ላይ በረዶ እያድበለበለ ይጫወታል። እኛ ያለነው ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ቬንትሌተሩ እየዞረ ነው። ልጄ በፓንት ብቻ ሆና ሲሚንቶው ላይ ተጋድማለች። ሥዕሉን አየች፣ በበሩ ወደ ውጭ አየች፣ ከዚያ «እማ፣ የእኛ ክረምት የታለ?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ልጅቷ ግን ልክ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ የወቅት መጽሐፍ ስመርጥ የማደርገው ተቀይሯል፣ ድሬም ሆነ ሐረር ትንሽ ልጅ ለምታሳድጉ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ቃሉን ከሥዕሉ ጋር አስተያዩት

ገበያ ላይ ካሉት የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት ውስጥ ከውጭ የተተረጎሙ አሉ። ፈረንጆቹ የሚበርዳቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ተርጓሚው ያንን ብርዳማ ወቅት ብዙ ጊዜ «ክረምት» ብሎ ያልፈዋል። የእኛ ክረምት ደግሞ ዝናብ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ጎርፍና ጭቃ ነው። እነሱ በረዶ ውስጥ ሲሆኑ እኛ በጋ ላይ ነን። እነሱ ወደ ባሕር ሄደው የሚዋኙበት ሞቃት ወቅት ደግሞ ወሩ ሲቆጠር የእኛው ክረምት ላይ ያርፋል። ስለዚህ መጽሐፉ «በጋ» ብሎ ባሕር፣ «ክረምት» ብሎ የበረዶ ሰው ካሳየ፣ ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ከሚማረው ጋር ይጋጭበታል። ትልቅ ሰው አይምታታም፣ ገና ቃል እየለቀመ ያለ ልጅ ግን ቃሉን የሚይዘው ከሥዕሉ ጋር አጣብቆ ነው።

በረዶ የሚለው ቃል ራሱ ያስቸግራል። ድሬ ያደገ ልጅ በረዶ ሲባል የሚመጣለት ከፍሪጅ የሚወጣው፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚንኳኳው ነው። ሐረር ያለችው የእህቴ ልጅ ደግሞ በረዶ የምትለው ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ከሰማይ እንደ ጥጥ ቀስ እያለ የሚወርደውን ሁለቱም አያውቁትም። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸውና አየራቸው አይገናኝም። እኔ በአንሶላ እየተኛሁ እህቴ ብርድ ልብስ ትደርባለች። አንድ የወቅት መጽሐፍ ለሁለታችንም ቤት ላይሆን ይችላል።

በቆየው በእኛ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፣ ከዚያ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ ከዚያ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ከዚያ ፀደይ እስከ ሰኔ 25። ዛሬ ብዙ ሰው የመስከረሙን የአበባ ጊዜ ፀደይ ይለዋል፣ መጻሕፍቱም እንደዚያው። በስሙ አትጨነቁ። ሥዕሉ ላይ ምን እንዳለና በየትኛው ወር እንደሚታይ ብቻ ተመልከቱ።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት በር ላይ ቁሙ

እኔ የማደርገው ይሄ ነው። መጽሐፍ ልገዛ ስነሳ ልጄን ይዤ በር ላይ እቆምና በዚህ ሰሞን የምታያቸውን፣ የምትሰማቸውን ወይም የሚሸቷትን ሦስት ነገሮች እጠይቃታለሁ። አንዴ «ማንጎ፣ ዝንብ፣ አቧራ» አለችኝ። እኔ አበባ ምናምን ትለኛለች ብዬ ነበር። ከዚያ የፈለግነው አበባ ያለበትን ሳይሆን ማንጎ ያለበትን መጽሐፍ ነው፣ ገዝተን ስንመለስም ቀፊራ ገበያ ገብተን ማንጎ ገዛን። ያን መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንዳነበብነው አልቆጠርኩትም። ማንጎ እየበላን፣ ጭማቂው ገጹ ላይ እየተንጠባጠበ። አሁንም ሦስተኛው ገጽ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለ።

ድሬና ሐረር ወቅት የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። ቅጠል ቀልቶ የሚረግፍበትን ወቅት የሚያሳይ መጽሐፍ ስታዩ የእኛን ዛፍ አስቡ። በእንግሊዝኛ ፍላምቦያንት የሚባለውን፣ በአገራችን ብዙ ቦታ «የድሬዳዋ ዛፍ» ተብሎ በከተማችን ስም የሚጠራውን። በደረቁ ወራት ቅጠሉን ያራግፍና ረጃጅም ጥቁር የዘር ቆባው ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሙቀቱ ሲከር፣ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ፣ እሳት የለበሰ ይመስል ቀይ አበባ ያወጣል። መጽሐፉ ላይ ቀይ ማለት ብርድ እየመጣ ነው ማለት ነው። ለእኛ ልጅ ቀይ ማለት ሙቀት ነው። ይህንን ልዩነት እያሳያችሁ ካነበባችሁለት የፈረንጁ መጽሐፍም ጥሩ ነው።

ሐረር ከሆናችሁ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የባቢሌ ለውዝ አለላችሁ፤ ቅርፊቱን መፈልፈል ራሱ ለሦስት ዓመት ልጅ ሙሉ ጨዋታ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማሽላው ይታጨዳል፣ ከከተማ ትንሽ ወጣ ሲባል ነዶው ይታያል። ስለ እርሻ የሚያወራ መጽሐፍ ስትመርጡ ሥዕሉ ላይ ያለው እህል ምን እንደሆነ እዩ። ብዙዎቹ ስንዴ ወይም ጤፍ ነው የሚስሉት። የሐረርጌ ልጅ ከመኪና መስኮት የሚያየው ማሽላና በቆሎ ነው፣ አጠገቡ ደግሞ ግመል። ግመል ያለበት የልጆች መጽሐፍ ካገኛችሁ ለእኔም ንገሩኝ፣ ዝሆንና አንበሳ ሞልቶ ግመል ጠፍቶብኛል።

የዝናብ መጽሐፍ፣ ለእኛ ከተማ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ድሬ ላይ የዝናብ መጽሐፍ እንደ ሌላው አይደለም።

ዝናብ የሚያሳዩ የልጆች መጻሕፍት ብዙዎቹ ደስታ ናቸው። ልጁ ቦት ጫማ አድርጎ ኩሬ ውስጥ ይዘላል፣ ዳክዬ አለ፣ ቀስተ ደመና ይወጣል፣ አለቀ። ጥሩ ነው፣ ዝናብ እኛም ጋ ደስታ ነው፣ በተለይ ከዚያ ሁሉ ሙቀት በኋላ። ግን የእኛ ወንዝ ደቻቱ ነው። ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ከዚያ ከላይ ከደጋው፣ ከደንገጎ በኩል ያለው ተራራ ላይ ሲዘንብ ውሃው ተሰብስቦ ይወርዳል፣ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድም ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። በ1998 ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዛሬ አያት የሆኑት ያስታውሱታል። ደመና ሲጠቁር ፊታቸው ይቀየራል፣ ልጆቹም ያንን ፊት ያነባሉ።

ስለዚህ የዝናብ መጽሐፍ ስመርጥ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ልጁ ብቻውን ወንዝ ውስጥ ወይም ወራጅ ውሃ ውስጥ እየተጫወተ የሚያሳይ ሥዕል ካለ አልገዛውም፣ ምንም ያህል ቢያምር። የአራት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ላይ ያየችውን ታደርጋለች። ሁለተኛ፣ የሚያስፈራውን ብቻ የሚያሳየውንም እተዋለሁ። መብረቅ፣ የሚጮህ ሰው፣ የሚፈርስ ቤት፣ ይሄ ከመኝታ በፊት ለሕፃን የሚነበብ አይደለም። የምፈልገው ዝናብ ሲመጣ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ የሚያሳየውን ነው። ልብስ ከገመድ የምታወርድ እናት። ባልዲ የሚደቅን አባት። ከብቱን የሚያስገባ ልጅ። ፈልቶ የሚጠጣ ሻይ። እንዲህ ያለው ሲነበብ ልጄ «እኛስ?» ትላለች፣ እኔም ሰማዩ ጥርት ቢልም ክረምት ላይ አሸዋው ላይ እንደማንጫወት፣ ውሃው ከተራራ እንደሚመጣ እነግራታለሁ። መጽሐፉ ላይ የለም፣ ግን በር ይከፍትልኛል። ስለ 1998ቱ ጎርፍ ለአራት ዓመት ልጅ አልዘረዝርም። ስትጠይቅ በመጠኑ እመልሳለሁ። እናቴ ፊት ግን የዝናብ መጽሐፍ ከማንበቤ በፊት እሷን አስፈቅዳለሁ።

የበዓል መጻሕፍት

የእኛ ሠፈር በዓል አያልቅበትም፣ ይሄ እድል ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፣ ጅራፍና ሙልሙል። መስከረም 1 እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ መስቀል፣ ኢሬቻ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል፣ መንገዱ በእግረኛ የሚሞላበት። ገና፣ ጥምቀት። እነዚህ ወራቸውን የማይለቁ ስለሆኑ መጽሐፋቸውን ቀድሞ አስቦ ማዘጋጀት ይቻላል። እኔ በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አወጣለሁ፣ ልጅ ነገሩን ከማየቱ በፊት ስሙን ካወቀ በዕለቱ «ያውና! ያውና!» እያለ ነው የሚውለው። ከበዓሉ በኋላም ለአንድ ሳምንት አላነሳውም።

ረመዳንና ዒድ ግን ከወቅት ጋር አይታሰሩም። የሒጅራው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ይመጣል፣ በ33 ዓመት አካባቢ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። ስለዚህ ዒድን በአበባ ወይም በዝናብ ብቻ የሚያሳይ መጽሐፍ ለጥቂት ዓመት ነው የሚገጥምላችሁ። የሚበረክተው ጨረቃዋ ላይ፣ ተምሩ ላይ፣ ሳምቡሳው ላይ፣ አዲስ ልብሱ ላይ ያተኮረው ነው። ሐረር ያላችሁ ደግሞ ሸዋል ዒድ አላችሁ፣ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በቅርስነት የመዘገበው የእናንተ በዓል፤ ስድስቱ የሸዋል ፆም ሲያልቅ ጀጎል የሚደምቅበትን ሌሊት በሥዕል የሚያሳይ የሕፃናት መጽሐፍ እኔ እስካሁን በእጄ አልገባም። ስለዚህ ወደ ታች በምነግራችሁ መንገድ ራሳችሁ ሥሩት።

በበዓል መጽሐፍ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ልጁ በዚህ በዓል ምን ያደርጋል? ትልልቆቹ የሚያምኑትን የሚያስረዳ መጽሐፍ ለሦስት ዓመት ልጅ ከባድ ነው። ዳቦ ሲቆረስ ቁራሽ የሚቀበል ልጅ፣ ለጎረቤት ሳህን ይዞ የሚሄድ ልጅ፣ ይሄ ይገባዋል። የእኛ ግቢ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት ስላለ የሁለቱንም መጻሕፍት አነባለሁ። ልጄ የምታውቀው በመጀመሪያ ጎረቤቷን ነው፣ ከዚያ ሳህኑን። የጎረቤቷ በዓል መጽሐፉ ውስጥ ሲመጣ ስሟን ትጠራለች።

ሐረር ላሉ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ተረት ላይ ጅብ ሁሌ ሞኝ ወይም ጨካኝ ነው። ሐረር ላይ ግን ጅብ ማታ ማታ ግንቡ ሥር መጥቶ ከሰው እጅ ይበላል፣ በአሹራ ደግሞ ገንፎ ይቀርብለታል። የሐረር ልጅ እንዲህ ያለውን ተረት ሲሰማ «የእኛ ግን እንዲህ አይደለም» ካለ አታርሙት። አስወሩት።

እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ፈትኑት

መጽሐፉን ሱቅ ውስጥ አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። እውነቴን ነው፣ ባለሱቁ ቢያያችሁም ግድ የለም። ምላሳችሁ ከተደናቀፈ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሦስት መስመር ሄዶ ግሱ ላይ እስኪደርስ ትንፋሽ ካለቀባችሁ፣ ማታ ደክሟችሁ አታነቡትም። ለሁለት ዓመት ልጅ በገጽ አንድ ቃል ወይም አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ለአራት ዓመት ሁለት ሦስት።

ዕድሜው ከሁለት በታች ከሆነ ገጹ ወፍራም ካርቶን ይሁን፣ ያኝከዋልና። ለድሬ ደግሞ ጀርባውን እዩ። በሙጫ ብቻ የተያያዘ መጽሐፍ በእኛ ሙቀት ይደርቅና ገጹ አንድ በአንድ ይወጣል፣ ሦስት እንዲህ ሆነውብኛል። በክር የተሰፋ ወይም መሀሉ በስቴፕል የተመታ ይሻላል፣ ስቴፕሉ እንዳይወጋ ግን ፕላስተር ለጥፉበት።

ቤታችሁ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ ከሆነ የአማርኛውን ጽሑፍ ተዉትና ሥዕሉን በቋንቋችሁ አውሩት። ጽሑፍ የሌላቸው የሥዕል መጻሕፍትም አሉ፣ ለዚህ እንደነሱ የሚመች የለም። ገንዘብ ከሌለ ወይም የሚሆን ካልተገኘ አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨር የሚባሉ ነጻ የልጆች ታሪክ ስብስቦች ኢንተርኔት ላይ አሉ፣ አማርኛም አላቸው፣ አውርዶ ማተምም ይፈቀዳል። ግን ሁሉም እኩል አይደለም፣ አንዳንዱ ትርጉም ይጎረብጣል፣ ቀድማችሁ ራሳችሁ አንብቡት።

ያን የበረዶ መጽሐፍስ? አልጣልኩትም። ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የሚባሉ አሜሪካዊት ምሁር በ1990 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ለልጅ መስታወትም መስኮትም ነው ብለው ጽፈው ነበር፤ መስታወቱ ራሱን የሚያይበት፣ መስኮቱ ሌላውን የሚያይበት። ያ መጽሐፍ ለልጄ መስኮት ነው፣ የእኔ ስህተት እንደ መስታወት መስጠቴ ነበር። አሁን ስናነበው «ክረምት» የሚለውን «የብርድ ወቅት» እያልኩ ነው፣ ገጹም ላይ በእርሳስ አርሜዋለሁ። ከፍሪጅ በረዶ አውጥቼ በሳህን አስቀምጥላታለሁ፣ እያነበብን ይቀልጣል፣ ጣቷን ትነክርበታለች። መስታወቱ ቀድሞ ይምጣ እንጂ መስኮቱ ይከፈት።

ካልተገኘ ሥሩት

የማይገኘው ይበዛል፣ ስለዚህ ይሄን ክፍል አትዝለሉት። ስልካችሁን ያዙና ከቤታችሁ አጠገብ አንድ የድሬዳዋ ዛፍ ምረጡ። በየወሩ መጀመሪያ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱት፣ ከተቻለ ልጁ ከሥሩ ቆሞ። በዓመቱ መጨረሻ አሥራ ሁለት ፎቶ አላችሁ፣ ጳጉሜን ላይ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ በቀለም አሳትሙና ወፍራም ወረቀት ላይ ለጥፉ። ጽሑፉን ልጁ ይበል፣ እናንተ ጻፉ። የእኔዋ የኅዳሩ ላይ «ዛፉ ቆቡን ሰቀለ» አለች፣ ያ ረጅሙ ቆባ ነው። እንዳለችው ጻፍኩት፣ አላረምኩትም። ለሸዋል ዒድም፣ ለቁልቢም፣ ለለውዝም እንዲሁ ነው፣ ስምንት ገጽ ይበቃል።

የምናነበው ከምሳ በኋላ ነው፣ ከተማው በሙቀት ሱቁን ዘግቶ ሲያርፍ። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ መጋረጃው ይጋረዳል፣ ወጪ ወራጅ የለም። ማታ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ይሄ ሰዓት ግን የሚያስተማምን ነው።

ወቅቱ ሲያልፍ መጻሕፍቱን ሁሉንም አንድ ላይ መደርደሪያ ላይ አትተዉ፣ ልጅ ይሰለቻቸዋል። እኔ የወቅቶቹን በየካርቶኑ ለይቼ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣለሁ፣ ምስጥ እንዳይገባ ከግድግዳ ራቅ አድርጌ፤ የዒዶቹ ግን ወራቸው ስለሚዞር ብቻቸውን በአንድ ከረጢት። ከመዝጋቴ በፊት የእያንዳንዱ መጽሐፍ የኋላ ሽፋን ላይ ወሩንና ልጄ በዚያ ዓመት ያለችውን አንድ ነገር በእርሳስ እጽፋለሁ። የማንጎው ላይ ያለው «ይሄኛው ገጽ ይጣፍጣል» ነው።